የሰባት ዋርካ ጠያቂ

ትርንጎ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የገባችው በ2085 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ መኝታ መስጠት ካቆሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አውቶቡሱ ያለ ሹፌር ይሄዳል፣ ባንኩ ያለ ሠራተኛ ይሠራል፤ ደላላ ግን እንዳለ ነው። ደላላ እንዴት ብሎ ይጠፋል! የእሷ ደላላ ቢተው የሚባል፣ ሲናገር የሰው እጅጌ የሚጎትት፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የማይለቀው ሰውዬ ነበር።

«እህቴ፣ እንዳንዋሽ» አላት በመጀመሪያው ቀን አፍንጫውን እየጠረገ። «ርካሽ ቤት አለኝ። ሰላም ያለው ቤትም አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ቤት ግን እስካሁን አላየሁም፤ ባገኝ ኖሮ እኔው እገባበት ነበር።»

የምትማረው የአፈር ሳይንስ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ኮምቦልቻ እናቷ ቤት ቁጭ ብላ በስክሪን ጨርሳዋለች። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ላብራቶሪ በአካል መግባት ግዴታ ነው። ቤት ካላገኘች ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

በከተማው ያለ ሰፈር ሁሉ ደረጃ አለው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለው ቁጥር ሰፈሩ መግቢያ ላይ በቆመ ምሰሶ ላይ ይበራል። ቁጥሩ ሲያንስ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኪራይ ይቀንሳል። ቁጥሩን ማን እንደሚያወጣው የሚጠይቅ ሰው ድሮ ነበረ ይባላል። አሁን ሰው የሰፈሩን ስም እንኳ ትቶታል። «የት ነህ?» ሲሉት «አራት ነኝ» ይላል፤ አለቀ።

ቢተው መጀመሪያ የወሰዳት ድልድይ ማዶ ነው፤ ስምንት። እዚያ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዋን በጠራራ ፀሐይ ነጠቋት። በሰባተኛው ቀን በግድግዳ የምትጎራበታት የጅማ ልጅ ፊቷ አባብጦ መጣችና «በቁልፍ አትመኚ፣ በሩን በአልጋ ደግፊው» ብላ መከረቻት። ትርንጎ ምሰሶው ጋ ሄዳ አመለከተች። ምሰሶው በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ የደረጃ ስምንት ነዋሪዎች አቤቱታ የሚታየው በየአሥራ አምስት ቀኑ መሆኑን ነግሮ ስለ ትዕግሥቷ አመሰገናት። አመሰገናት እኮ! በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስትነሣ በሩ ላይ የሰው ጫማ ታትሞበታል፤ አልጋውም ከነበረበት አንድ ስንዝር ተንቀሳቅሷል። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። የቢተው ቢሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት «አገሬ ልመለስ ነው» አለችው።

ቢተው ደላላ ይሁን እንጂ አንጀት ነበረው። ሻንጣዋን አየ፣ እሷን አየ፣ ሁለቴ አነጠሰ።

«ጠያቂ ትሆኛለሽ?» አላት።

ጠያቂ በየጠዋቱ በር እያንኳኳ «ደህና አደሩ?» የሚል ሰው ነው። ደረጃቸው የላቀ ሰፈሮች አንዳንድ ጠያቂ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። በፊት ይህን ሥራ በሮቹ ራሳቸው ይሠሩት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለበር መልስ አልሰጥም አለ። በርን «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ሰው አፉ ላይ አልመጣለትም። ስለዚህ ተማሪ አመጡ። ተማሪ ማልዶ ይነሣል፣ ፊቱ አያስፈራም፣ ደሞዝ አይጠይቅም፤ አንዲት ክፍል ለተማሪ በሚሆን ኪራይ ከሰጡት ይበቃዋል።

ሰባት ዋርካ ደረጃው ሁለት ነው። ዋርካ የሚባል ነገር ግን አንድም የለበትም፤ ዋርካ ወፍ ያሳርፋል፣ ወፍ ደግሞ ይጮኻል ተብሎ ሰባቱም ተቆርጠዋል። የሰፈሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሶልያና ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ዘመን የአያቶች ስም ሶልያና፣ ኪሩቤል፣ ናታን ነበር፤ የልጆቹ ደግሞ ትርንጎ፣ ስንዱ፣ ባንቺአየሁ። ስምም እንደ ቀሚስ ዞሮ ይመጣል።

«አርባ ሁለት በር ነው» አሏት ወይዘሮ ሶልያና፣ መልሱ የሚመዘገብበትን አምባር በግራ እጇ ላይ እየቆለፉላት። «ለአንድ በር ሃያ ሰከንድ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ደህና ካሉሽ አረንጓዴውን ትነኪያለሽ። ደህና አይደለሁም ካሉሽ ቀዩን። ካልከፈቱ ‹የለም› የሚለውን። ሁለተኛ እንዳትጠይቂ።»

«ለምን እትዬ?»

«ሁለተኛ ሲጠይቁት ሰው ነገር ያወራል። ያወራው ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ደረጃ ይነካል።» ፈገግ አሉ፤ ክፉ ሴት አልነበሩም። «እዚህ ሰፈር ሰው የሚኖረው ደህና ስለሆነ ነው፤ ልጄ።»

ደንቡ ይህ ነው። አንድ ነዋሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀይ ከተመዘገበበት፣ ብቻውን የሚኖር ከሆነ፣ ከከተማ ውጭ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ይወስዱታል። ሰፈሩ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ቀይ ከመጣበት ደረጃው ይወርዳል። ደረጃው ከወረደ ጠያቂው ይቀየራል። ትርንጎ ሁሉንም አነበበችና ፈረመች። በዚያን ቀን በሩን በአልጋ ሳትደግፍ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ትራሷ ርሷል፤ ለካ በእንቅልፏ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ በደስታ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዋ መስመር ያዘ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከአንደኛው በር ትጀምራለች። በሩ በስንጥቅ ይከፈታል፣ «ደህና አደሩ?»፣ «ደህና፣ ይመስገን»፣ አረንጓዴ፣ ቀጣይ በር። አንዳንዱ ጥርሱን እየፋቀ ነው የሚመልሰው። አንዳንዱ ፊቱን ሳያሳያት እጁን ብቻ በስንጥቁ ያወዛውዛል። ሃያ ሰባተኛው በር ያሉት ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ አንዷ ሳሎን አንዱ ጓዳ ሆነው፣ «ደህና!» የሚሉት ግን በአንድ ድምፅ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሁለት ሰው ደህና ይሆናል።

እናቷ ግን ይህን አታውቅም። እናቷ የወሎ ሴት ናት፤ ስልክ ስትደውል ከሰላምታው እስክትወጣ አንድ ቀን ይመሻል።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ እማ።»

«አለሽ ወይ? ሰላም ነሽ ወይ? እንቅልፍ አለ? ውሃው ተስማማሽ? እኮ ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!»

«ጎሽ። እና ደህና ነሽ?»

አንድ ቀን ላብራቶሪ ልትገባ ስትሮጥ ይህ መጣባትና ትርንጎ ደሟ ፈላ። «እማ፣ አንዴ ጠይቀሽ አንዴ ብመልስልሽ ምን ትሆኛለሽ? እዚህ አገር እንዲህ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጊዜ የለኝም!» አለቻት። እናቷ «እሺ እናቴ፣ አላወቅኩም ነበር» አለች። በማግሥቱ ረስታው እንደገና ጀመረችው። ትርንጎ እንደገና ተቆጣቻት። እንዲህ እየተባባሉ ወራት አለፉ።

ሠላሳ አንደኛው በር የጋሽ ኪሩቤል ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ አንዲት ልጃቸው ሐዋሳ ትኖራለች። ጋሽ ኪሩቤል በአዲስ አበባና በደሴ መስመር አውቶቡስ በእጃቸው ከነዱ የመጨረሻዎቹ ሹፌሮች አንዱ ነበሩ። በጡረታም በየማለዳው ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ጥቁር ጫማቸውን ወልውለውና አስረው ነው በር የሚከፍቱት። ሹፌር በሸበጥ አይነዳም ይላሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጠየቀቻቸው። «ደህና አደሩ?»

«ደህና፣ ይመስገን። አንቺስ ደህና አደርሽ?»

«ደህና።»

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና።»

«ሰላም አደርሽ ወይ?»

አምባሩ እጇ ላይ መንዘር ጀመረ። «ጋሼ፣ ሃያ ሰከንድ አልፏል።»

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የኮምቦልቻ።»

«የወሎ ልጅ ሆነሽ አንዴ ጠይቀሽ ልትሄጂ? ኧረ ጉድ ነው!» ብለው ሳቁባት። እሷም ሳታስበው ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኪሩቤል በየጠዋቱ ሃያ ሰከንድ ወሬ ያወጓት ጀመር። አንዱን ታሪክ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሰኞ፦ «ደብረ ሲና ላይ ተሳፋሪዎቼን ምሳ አበላቸዋለሁ። ልነሣ ስል ‹ሁሉም ሰው አለ?› እላለሁ። ‹አለ!› ይሉኛል በአንድ አፍ።» ማክሰኞ፦ «አንድ ቀን ‹አለ› ሲሉኝ አምኜ ነዳሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ‹ሚስቴ እኮ ደብረ ሲና ቀርታለች› አሉኝ።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ሃያ ሰከንድሽ አለቀ፤ ሂጂ።»

ትርንጎ ያን ቀን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ አፈር ስትመዝን ያቺን ደብረ ሲና የቀረች ሴትዮ ስታስብ ዋለች። ረቡዕ ሮጣ መጣች። «ሽማግሌው ለምን እዚያው አልተናገሩም?»

«እኔም ጠየቅኳቸው። ‹ሰው ሁሉ አለ ሲል እኔ ብቻዬን መኪና ላስቁም?› አሉኝ።» ሐሙስ፦ «ተመልሼ ሄድኩ። ሴትዮዋ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ‹ደህና ነዎት እማማ?› አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ደህና ነኝ ልጄ፣ ይመስገን›!»

ዓርብ ደመደሙት። «ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያውን ሰው ለወጉ ይመልስልሻል። ሁለተኛው ላይ ያመነታል። ሦስተኛው ላይ ነው አፉን የሚፈታው። እኛ አገር አንዴ ተጠይቆ ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው የለም፤ ነውር ይመስለዋል። ይኸው ነው።»

ታኅሣሥ ላይ ትርንጎ የአጋማሽ ፈተናዋን ወደቀች። ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱ ጋሽ ኪሩቤል «ደህና አደርሽ?» ሲሏት «ደህና» አለች። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ደህና» አለች። «ሰላም አደርሽ ወይ የኔ ልጅ?» ሲሏት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አምባሩ ይነዝራል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው በሩን ይዘው ቆመዋል።

«ከሰዓት ስትመለሺ ግቢ» አሏት። «እንግዳ መቀበል ገና አልተከለከለም መሰለኝ።»

ገባች። መስኮቱ ሥር ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ አላቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚበላበት የለም። «ይኸው፣ አጥኚ» አሏትና እሳቸው ወዲያ ሄደው ጫማቸውን ሲወለውሉ አመሹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየከሰዓቱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ታጠና ነበር። አንዳንድ ቀን ምስር ይሠራሉ፤ ጨው ያበዛሉ። አንዳንድ ቀን አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ይመሻል። የካቲት ላይ በጥሩ ውጤት አለፈች። ውጤቷን ከእናቷ ቀድማ የነገረችው ለእሳቸው ነው።

በዚያው የካቲት ጋሽ ኪሩቤል አንድ ጠዋት ሳል ሲያጣድፋቸው «ዛሬስ ደህና አይደለሁም» ብለዋት ነበር። ቀዩን ነካች። አራት ሰዎችና አንድ ተሽከርካሪ ጩኸት ሳያሰሙ መጡ፣ ደረታቸውን አዳመጡ፣ ሽሮፕ ሰጧቸው፣ መዝገቡ ላይ አንድ አሰመሩባቸውና ሄዱ። «አንዷን በሳል ጨረስኳት» አሏት በማግሥቱ እየሳቁ። «እንግዲህ እስከ ዓመቱ ድረስ ደህና ነኝ።» ሁለቱም ማረፊያውን ያውቁታል። እዚያ የገባ ሰው ከውጭ የሚጎበኘው በስክሪን ብቻ ነው።

ሰኔ መጣ። ሰኔ በመጥፎ ነው የጀመረው። ዘጠነኛው በር ያሉት ሴትዮ መታጠቢያ ቤት ወደቁ፤ ቀይ። ሃያ ሁለተኛው በር ሕፃን ልጅ ትኩሳት ያዘው፤ ቀይ። ወይዘሮ ሶልያና ትርንጎን ጠርተው አስቀመጧት።

«ሁለት ሆነናል። እስከ ሰኔ ሠላሳ አንዲት ብትጨመር ወደ ሦስት እንወርዳለን። አንቺን ደግሞ ማጣት አልፈልግም፤ ጥሩ ልጅ ነሽ። የት ልትገቢ ትችያለሽ በዚህ ወቅት?»

የት እንደምትገባ ትርንጎ ታውቃለች። በሩ ላይ የታተመው ጫማ አሁንም ዓይኗ ላይ አለ።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን የማጠቃለያ ፈተናዋ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ማታ በደንብ አልተኛችም፤ ጠዋት በሮቹን እየሮጠች ነው የዞረችው። ሠላሳኛው በር ደህና አለ። ሠላሳ አንደኛውን አንኳኳች። ጋሽ ኪሩቤል ሁልጊዜ ገና ሳታንኳኳ ነው የሚከፍቱት፤ ዛሬ ቆዩ። በሩ ሲከፈት ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። በቀኝ እግራቸው ጫማ አድርገዋል። የግራው በካልሲ ነው።

«ደህና አደሩ ጋሼ?»

«ደህና» አሉ። ቆዩ። «ይመስገን።»

ከዚያ ጠበቁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ «አንቺስ?» ሳይሏት የቀሩበት ቀን የለም። ዛሬ አላሏትም። የበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፣ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር። ይህን ትርንጎ በኋላ ነው የገባኝ ብላ ራሷን ልታታልል ሞክራለች፤ ግን አልሆነላትም። ያኔውኑ፣ እዚያው በር ላይ፣ ገብቷታል። «እንዴት አደሩ?» ብትል ያመነታሉ። «ሰላም አደሩ ወይ?» ብትል ይነግሯታል። ከነገሯት ደግሞ እንዳልሰማ ሆና መሄድ አትችልም፤ ያልጠየቀቻቸው ለዚህ ነው።

አምባሩ ነዘራት። አረንጓዴውን ነካች።

«ትርንጎ» አሉ፣ ዞር ስትል።

«አቤት?»

«ፈተናሽ ዛሬ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ ረፍዶብኛል።»

«በይ በርቺ። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ሄደች። ሠላሳ ሁለተኛው በር ደህና ነበር። ሠላሳ ሦስተኛውም።

ፈተናው ቀለላት። እንደዚያ ተዝናንታ የሠራችው ፈተና የለም። ከሰዓት ስትመለስ እንደ ልማዷ ወደ ጠረጴዛው መሄድ ነበረባት። በሩ አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ «ደክሟቸው ተኝተው ይሆናል፣ ላሳርፋቸው» አለች። ሰው ለራሱ ሲዋሽ እንዴት ርኅሩኅ ይሆናል! ክፍሏ ገብታ ከነልብሷ ተኛች።

በማግሥቱ ሠላሳ አንደኛው በር አልተከፈተም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ካልከፈቱ «የለም»። ጣቷ ወደዚያው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በጡጫዋ በሩን ደበደበችው። «ጋሽ ኪሩቤል! ጋሽ ኪሩቤል! ጋሼ!» ብላ ጮኸች። በሰባት ዋርካ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ዓመታት ሆኖታል፤ ጎረቤቶች በየስንጥቃቸው ብቅ አሉ፣ አንድም ሰው ግን ደጅ አልወጣም። ጥበቃው መጥቶ ከፈተው። ጋሽ ኪሩቤል ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የግራ ጫማቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ ክሩን ፈትተውታል፣ እግራቸውን ግን አላስገቡትም።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የምሰሶው ድምፅ ነው የጠየቃት፤ «የመጨረሻው መልስ ምን ነበር?»

«ደህና።»

«መዝገቡ ይስማማል። እናመሰግናለን።»

ከመሞቱ በፊት ደህና ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሞቱ «ሰላማዊ ሞት» ነው የሚባለው፤ ደረጃ አያወርድም፣ ለሰፈሩ ነጥብ ይጨምራል እንጂ። እንዲያውም ሰኔ አለቀና ሦስተኛ ቀይ አልመጣም። ሐምሌ አንድ ቀን ምሰሶው ላይ ያለው ቁጥር ወደ አንድ ተቀየረ። ወይዘሮ ሶልያና ትርንጎን መንገድ ላይ አቅፈው ጉንጯን ሳሟት። «ጎበዝ! ውልሽን እስክትመረቂ ድረስ አድሰንልሻል» አሏት። ትርንጎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

በሰባት ዋርካ ድንኳን አይተከልም፣ በድምፅም አይለቀስም። ሰው በየበሩ ቆሞ አስከሬኑ እስኪያልፍ አንገቱን ደፋ፤ አለፈ፤ በሮቹ ተዘጉ። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ ገብቶ፣ ልጃቸው ኤዶም ከሐዋሳ ተመልሳ መጥታ ሁለት ቀን ዕቃ ስትሰበስብ ቆየች። በሁለተኛው ቀን ትርንጎን አስጠራቻት። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ የሆነ ሴት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«አንቺ ነሽ ትርንጎ? አባዬ ስለ አንቺ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ፣ በፋሲካ። ‹እኔ ስሞት ለማንም እንዳትሸጪው› አለኝ።»

ትርንጎ ጠረጴዛውን አየችው። ጥግ ላይ እሷ በእርሳስ የሞነጫጨረችው የአፈር ቀመር አለ። እሳቸው አላጠፉትም።

«መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች ኤዶም።

«አዎ እትዬ።»

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነኝ አሉኝ። ይመስገን አሉኝ።»

ኤዶም ቀና ብላ አየቻት። የአባቷ ልጅ ናት እኮ፤ በዚያ አውቶቡስ ላይ ያደገች።

«ስንቴ ጠየቅሽው?»

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። አምባሩ ዝም ብሏል፤ ለዚህ ጥያቄ ሃያ ሰከንድ የሚቆጥር የለም። ትርንጎ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ አየች፤ የነጠላውን ጫፍ ጨምድዶ ይዞታል።

«ሦስቴ» አለች።

ኤዶም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ የእፎይታ ለቅሶ ነበር። «ተመስገን! ተመስገን! ብቻውን ሲጨነቅ፣ ሰው አጥቶ ሲጣራ እየታየኝ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሦስቴ ጠይቀሽው ደህና ካለ እውነትም ደህና ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ የኔ እህት። ባንቺ ነው የተረፍኩት።» አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ትርንጎም ቆማ ተሳመች። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ራሷን የጠላችበት ጊዜ የለም።

ጠረጴዛውን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ክፍሏ አስገቡላት። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ ጠፋለት፤ በሩን ተደግፎ ቆመ። ቀኑ እሑድ ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ከደጅ አንድም ድምፅ አይሰማም። አንደኛ ደረጃ ሰፈር እንዲህ ነው። ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አስደግፋ ተቀመጠች። ለማን ይነገራል ይሄ? ለወይዘሮ ሶልያና አይነገርም። ለኤዶም ከእንግዲህ ፈጽሞ አይነገርም። ለእናቷ ግን ይነገራል። እናቷ ትጠይቃለች፤ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ሦስተኛው ላይ ትርንጎ ሁሉንም ትነግራታለች፣ ካልሲውን፣ ላቡን፣ አረንጓዴውን።

ስልኩ ጠራ። እናቷ ናት።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ እማ» አለች ትርንጎ። ቆየች። «ይመስገን።»

ከዚያ ጠበቀች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እሰይ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት አለ፤ ያስቸገራትን ትምህርት በመጨረሻ እንደያዘች ሰው። «በይ አልያዝሽ፣ ጊዜ የለሽም። ይኸው አንዴ ብቻ ጠየቅኩሽ፤ አየሽ? ደህና ሁኚ እናቴ።»

መስመሩ ተዘጋ። ትርንጎ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። መልሳ ልትደውል ቁጥሩን አወጣችና አየችው። ሳትጠየቅ ግን ከየት ትጀምረዋለች?